ሳህኑን እዚያው ትተሽው ነይ

ማጀት ጓዳ ነው። ሊጡ የሚቦካበት፣ ወጡ የሚሠራበት፣ እንግዳ የማይዘልቅበት የቤቱ ውስጠኛ ክፍል። በሰሜን ሸዋ፣ ከመንዝ ተራሮች ግርጌ ያለች አንዲት ከተማ ደግሞ ስሟ ማጀቴ ነው፤ ለጆሮ «ጓዳዬ» እንደማለት ይሆናል። ልጅ ሳለሁ እናቴ «ማጀቴ ደርሼ ልምጣ» ብላ ስትወጣ ወጥ ቤት ገብታ የምትመለስ ይመስለኝ ነበር። አራት ቀን ስትቆይብኝ እንዴት እንዳኮረፍኩ እስከ ዛሬ ታወራብኛለች።

ባለፈው ታኅሣሥ ከእናቴ፣ ከባለቤቴና ከሰባት ዓመት ልጃችን ጋር ከሐሙስ እስከ እሁድ ወደዚያው ወርደን ነበር። የሄድነው የእናቴን አክስት ለመጠየቅ ነው። ስመለስ ግን የማስበው ስለ አንድ ሳህን ነበር። የሳህኑን ነገር ለማውራት ከመንገዱ በፊት ከእኛ ሕንፃ ደረጃ መጀመር አለብኝ።

የእኔ ሰንጠረዥ

የምንኖረው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ኮንዶሚኒየም ነው። እኛ ሁለተኛ ፎቅ ነን። መስከረም ላይ አራተኛ ፎቅ የምትኖር ጎረቤቴ ባሏ በድንገት አረፈ። በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ብትበልጥ ነው፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት።

በሙያዬ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። የተማርኩትም ቢዝነስ ነው። ነገር ሲበላሽ አልቅሶ ከመቀመጥ ዕቅድ ማውጣት ይቀለኛል። እድሩ ድንኳን ተክሎ፣ ወንበር ደርድሮ፣ ሠልስቱን ከሸኘ በኋላ «ከዚህ በኋላስ?» ብዬ የሕንፃውን የቴሌግራም ግሩፕ ቀሰቀስኩ። አሥራ አንድ ቤቶች ተመዘገቡ። ሰንጠረዥ ሠራሁ፤ ሰኞ ሽሮ የሚያመጣው፣ ማክሰኞ ፓስታ የሚቀቅለው ሁሉ ተለየ፤ ምስር ወጥ በተከታታይ እንዳይደጋገምባት አየሁ። ዕቃ አጥቦ መመለስ እንዳይከብዳት ሁሉም ሰው ተበልቶበት በሚጣል ዕቃ እንዲያቀርብ አሳሰብኩ። በር እያንኳኳን እንዳንረብሻትም ምግቡ በፌስታል ሆኖ ከበሩ እጀታ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከዚያ «ደርሷል» የሚል መልእክት ይላክላታል። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ቀን ሳይዛነፍ ሄደ። በሥራ ቦታዬ እንኳ እንዲህ ያማረ ዘመቻ ብዙ አላየሁም።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ ማታ ከሥራ ስገባ የግቢው ጥበቃ አመሰገኑኝ።

«ለምኑ ነው?» አልኳቸው።

«ለምግቡ ነዋ፣ ልጄ። እሷ እኮ አልነካችውም። ልጆቹ ትንሽ ይቀምሱና የቀረውን ከነፌስታሉ ይዘውልኝ ይወርዳሉ። ተባረኩ።»

ሰውየው ክፉ ነገር የተናገሩ አልመሰላቸውም፤ ደስ ብሏቸው ነው። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ተቀየምኩ። ያ ሁሉ ሰው ሽንኩርት ከትፎ፣ ከሥራ መልስ ምድጃ ላይ ቆሞ! ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ስንገናኝ እርሷ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጣፋጭ ነበር» ትለኛለች፤ እኔም «ምንም አይደል» ብዬ ቁልፌን ቦርሳዬ ውስጥ መፈለግ እጀምራለሁ። ወደ ማጀቴ የሄድኩት ይህን ቅያሜ ይዤ ነው።

ከጣርማ በር በታች

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። በታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ሹራብ ደራርበን፣ ሻይ ጠጥተን ቀጠልን። ከዚያ ጣርማ በር አለ፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ቦታ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ ያወጣው ዋሻ ውስጥ መኪናው መብራት አብርቶ ይገባል። ልጄ ትንፋሹን ይዞ ቆጠረ። ወዲያ ማዶ ስንወጣ መሬቱ ከእግራችን ስር የሸሸ ያህል ቁልቁል ወረደ፤ ከታች በጭጋግ የተሸፈነው የይፋት ቆላ ተዘርግቷል።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሳይገዙ ማለፍ ነውር ነው። ገና መኪናው ሳይቆም ነው የሚከቡት። ገዛን፤ እናቴ «ይሄ ለመንገድ፣ ይሄ ለእማማ» ብላ ከፈለችው። ከዚያ ጠመዝማዛውን መንገድ ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሹራቡ ሁሉ ወልቆ የኋላ ወንበር ላይ ተከምሯል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ የአየሩ ልዩነት ግን ሌላ አገር የገባን ያስመስላል። መንገድ ዳር ፓፓያው፣ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ ተደርድሯል። ልጄ «እዚህ ክረምት ሄዶ አልቋል?» ሲል ጠየቀ።

ከሸዋ ሮቢት በኋላ ጀውሃ፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ እያሉ ይቀጥላሉ። በዚህ ወቅት ማሽላው እየታጨደ ነው። ወፍ ጠባቂ ልጆች ወንጭፍ ይዘው የሚቆሙባቸው ማማዎች ባዷቸውን ቀርተዋል፤ አገዳው በየማሳው ተከምሯል። በሌላ በኩል ማሾ የተወቃበት አውድማ ይታያል። ማሾ አዲስ አበባ ብዙም አናውቀውም፤ ለዚህ አገር ገበሬ ግን በአጭር ጊዜ ደርሶ ገንዘብ የሚያመጣ ሰብል ነው፤ አብዛኛው ወደ ውጭ ይላካል።

ይፋት የመንገድ አገር ነው። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በወላስማ ሥርወ መንግሥት ይመራ የነበረው የይፋት ሱልጣኔት ኑሮው በደጋውና በዘይላ ወደብ መካከል በሚመላለሰው ነጋዴ ላይ ነበር። ዛሬም አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ የሚገናኙት በዚሁ መንገድ ላይ ባሉት ገበያዎች ነው። መንገድ ሁሉን ያመጣል፤ ነጋዴውንም፣ ጦሩንም። አጣዬ ስንደርስ መኪና ውስጥ ዝም ተባባልን። ከተማዋ በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 በደረሰባት ጥቃት ነዳለች። አዲስ ቆርቆሮ የለበሱ ቤቶች መካከል ጣሪያ የሌላቸው፣ የጠቆሩ ግድግዳዎች አሁንም ቆመዋል። ልጄ ምን እንደሆኑ ጠየቀ። እናቴ «ቤቶች ነበሩ» አለችው፤ ሌላ አልጨመረችም።

ካራቆሬ አካባቢ የደሴውን አስፋልት ትተን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተራራው ስር ታጠፍን። ማጀቴ በአንጾኪያና ገምዛ ወረዳ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ከኋላዋ የመንዝ ገደል እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ከፊቷ ሜዳው እስከ ቦርከና ድረስ ይዘረጋል።

ሦስት ጉልቻ

የእናቴ አክስት ሰባ ዓመት ሞልቷቸዋል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «እማማ» ይላቸዋል፤ እኛም እንደዚያው። ደጃቸው ላይ ማሽላ ተሰጥቷል፤ በረንዳው ላይ ድመትና ዶሮ አብረው ይተኛሉ። ገና አረፍ ሳንል እንጀራ ቀረበ። ጾም ስለሆነ ሽሮና ጎመን ነው። «ብሉ፣ አፈር ስሆን!» ሲሉ ባለቤቴ ሦስተኛውን ጉርሻ እምቢ ማለት አልቻለም።

ማታ መብራት ጠፋ። ልጄ ጨለማውን ሲፈራ እማማ የእርሳቸውን ልጅነት አወሩለት። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ምድር ስትንቀጠቀጥ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ተብሎ በታሪክ የሚታወቀው ነው። ማጀቴን ያን ጊዜ እንዳለች አፈረሳት፤ 5,000 ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ። ካራቆሬ ላይም ብዙ ቤት ወደቀ፤ ወደ አሥመራ የሚወስደው ዋና መንገድ ተሰነጣጠቀ። መንቀጥቀጡ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ አልነበረም፤ ለወራት እየተመላለሰ ሕዝቡን አስጨነቀው።

«ጓዳ የሚባል ነገር አልቀረም» አሉ። «ሦስት ጉልቻ ያገኘ ሰው ደጅ ላይ ጎለተ። እናቴ ምጣድ ተርፏት ነበር። እሷ ስትጋግር የአሥር ቤት ልጅ ይከባል። እናቴ የማን ዱቄት እንደጋገረች፣ እኔም የማን እንጀራ እንደበላሁ አላውቅም።»

ከዚያ በ1977 ዓ.ም. ድርቁ መጣ። በአንጾኪያ ሸለቆ ወርልድ ቪዥን የምግብ መስጫ ጣቢያ አቋቁሞ ነበር፤ በኋላም እዚያው ቆይቶ በችግኝ ተከላና በእርሻ ሥራ ሠርቷል። እማማ ያንን ዘመን ሲያነሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። «ነፍስ አድኗል፤ እግዜር ይስጣቸው» ይላሉ። በኅዳር 2014 ደግሞ ጦርነቱ እስከዚህ ደረሰ። ከተማውን ለቀው ገጠር ገቡ፤ ከዚያ በፊት አይተዋቸው በማያውቋቸው ሰዎች ቤት ሰነበቱ። «ስንመለስ ሊጥ ማቡኪያው እንኳ አልነበረም» አሉ። ከዚያ ሳቅ ብለው፣ «ሳህኔ ግን ተርፋለች፤ ጎረቤት ቤት ነበረች» አሉ።

የትኛው ሳህን እንደሆነ ያን ማታ አልጠየቅኩም።

እዝን

አርብ ንጋት ላይ ከጓዳው የእንጨት ጭስ ሸተተኝ። እማማ ከእኔ ቀድመው ተነስተዋል። ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ፣ ለረጅም ጊዜ ታመው የቆዩ አባወራ ሌሊቱን አርፈዋል። ሟቹ ሙስሊም ናቸው፤ ቀብሩ በዚያው ቀን ነው። የቅሬው ጠሪ በየደጁ እያለፈ ተናግሯል። ቅሬ በወሎና በዚህ በይፋት በኩል እድር እንደምንለው ነው። በአንድ ቅሬ ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ፤ ሰው ሲሞት ቀባሪውም አጽናኙም ሁለቱ ናቸው።

ሐዘን ቤት የሚቀርበው ምግብ እዝን ይባላል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ሐዘንተኛ ቤት እሳት አይነድም፤ የሚበላው ከጎረቤት ይመጣል። እማማ ስንዴና ሽምብራ ቀላቅለው ንፍሮ ጥደዋል፤ በሌላ ድስት የማሾ ወጥ ይንተከተካል። እኔ ሽንኩርት ከተፍኩ። ሥራ ፈትቼ ላለመታየት፣ «ምን እንደሚፈልጉ ሰው ልከን ብንጠይቅስ?» አልኩ።

«ለሞተበት ሰው ጥያቄ አይላክም» አሉ፤ ንፍሮውን እያማሰሉ።

ለምን ንፍሮ እንደሆነም እዚያው ገባኝ። ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። በሠርግም በድግስም ለሁለቱ ወገን ለየብቻ ይታረዳል። ሐዘን ግን ቀጠሮ የለውም፤ ተለይቶ የሚታረድበት ጊዜ አይሰጥም። ንፍሮ፣ ሽሮ፣ ማሾ፣ እንጀራ የሁሉም ነው። ጾመኛም ይበላዋል፣ ያልጾመም ይበላዋል። ጨው ብቻ ይበቃዋል፤ ያጣ የነጣ ቤት እንኳ አንድ ጣሳ እህል አያጣም።

ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። በእስልምና ለሐዘንተኛ ቤተሰብ ምግብ መሥራት ለጎረቤት የተወደደ ተግባር ተደርጎ ይታያል፤ መነሻውም ነቢዩ ሙሐመድ የአጎታቸው ልጅ ጃዕፈር በሞተ ጊዜ ለቤተሰቡ ምግብ እንዲሠራ ማዘዛቸው ነው። በአይሁድ ዘንድም ከቀብር መልስ ሐዘንተኛው የሚበላው የመጀመሪያ ምግብ ከጎረቤት መምጣት አለበት፤ እንቁላልና ምስር ከተለመዱት መካከል ናቸው። ተራራና ባሕር የለያቸው ሕዝቦች አንድ ነገር አስተውለዋል፤ ሰው በሐዘኑ ቀን የራሱን እሳት ማንደድ አይችልም።

ከቀብር መልስ ሄድን። እማማ ንፍሮውን በትልቅ ሳህን አድርገው በነጭ ጨርቅ ሸፈኑት። ጠርዙ ላይ ቀይ አበባ ያለበት፣ አንድ ጎኑ የተላጠ የቆርቆሮ ሳህን ነው። እናቴ እንጀራውን፣ እኔ የማሾውን ድስት ይዘን ተከተልን። በልማዴ «ዕቃው እንዳይጠፋ ስም ልለጥፍበት?» አልኩ።

«ሳህኔን የማያውቅ የለም» አሉ።

ግቢው ውስጥ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን ተቀምጠዋል። «አላህ ያጽናችሁ» ብለን ገባን። ሟች ሚስት ጥግ ላይ ፍራሽ ላይ ናቸው። እማማ ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ትከሻ ለትከሻ። ምንም አላሉም። እኔ ድስቱን አስቀምጬ መውጫ በሩን አየሁ። እናቴ ቀሚሴን ጎተተችኝ። ተቀመጥኩ።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ስልኬን ማየት አፈርኩ። አንዲት ልጅ ውኃ አስታጠበችን። ሳህኑ መካከላችን ሆነ። «በሞቴ ብሉ» ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ ሐሙስ ማታ ባለቤቴን እንዴት እንዳስጨነቁት አይቻለሁ። እዚህ ግን አላሉም። ከንፍሮው ጥቂት ፍሬ አንስተው ራሳቸው መብላት ጀመሩ። ቀስ እያሉ፣ አንድ አንድ ፍሬ። እኛም በላን። ሴቶቹ ሁሉ ቀስ እያሉ በሉ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሟች ሚስት እጃቸው ተንቀሳቀሰ፤ አንድ ሽምብራ አነሱ። ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። ሁለተኛ አነሱ።

ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሲጠጣ ተነሳን። ንፍሮው አልቋል፤ ሳህኑ ባዶ ነው። ጎንበስ ብዬ ላነሳው ስል እማማ እጄን ያዙኝ።

«ተይው።»

ደጅ ስንወጣ «ረስተነው ሄድን እንዳይሉን» አልኩ።

«እዚያው ትተሽው ነይ ያልኩሽ አውቄ ነው። ሳህኔን ይዤ ከወጣሁ ነገ በምን ሰበብ እገባለሁ? ሳህኔን ልውሰድ ብዬ እገባለሁ። ስገባ ቡና ይፈላል። ቡና ሲፈላ እሷም ትቀመጣለች። ስትቀመጥ ትቀምሳለች።»

በኅዳር 2014 ሳህኗ የተረፈችው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ከተማው ሲሸሽ እርሷ እንዲሁ ጎረቤት ቤት ቀርታ ነበር።

ማታ ስለ ሰንጠረዤ ነገርኳቸው። ስለ አሥራ አንዱ ቤት፣ ስለሚጣለው ዕቃ፣ በበሩ እጀታ ላይ ስለሚንጠለጠለው ፌስታል፣ ስለ ጥበቃውም። በልቤ «የአዲስ አበባ ሰው እንዲህ ውለታ ቢስ ሆኗል» እንዲሉልኝ ፈልጌ ነበር። ዝም ብለው አዳመጡ። ማሽላቸውን እየለቀሙ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«አብሯት ማን በላ?»

መልስ አልነበረኝም። እናቴ ወደ ምድጃው ዞረች።

ለእንግዳ ስናስተናግድ «ከፍትፍቱ ፊቱ» እንላለን። አራስ ጥየቃ ስንሄድም ገንፎውን ደጃፍ ላይ አስቀምጠን አንመለስም። ገብተን፣ ልጁን አቅፈን፣ ከአራሷ ጋር ከአንድ ገበታ እንበላለን። በደስታ ጊዜ ይህን ማንም አላስተማረንም። ሐዘንና ሕመም ሲሆን ግን፣ ቢያንስ እኔ፣ ከበር መመለስን ጨዋነት አድርጌው ነበር። «እንዳንረብሻት» ያልኩት እንባዋን ማየት ስለፈራሁ ነው። የሚጣለውን ዕቃ የመረጥኩትም እርሷ ከማጠብ እንድትድን ብቻ አልነበረም፤ እኔም ከመመለስ እድናለሁ።

የሰንበቴ ማሾ

ቅዳሜ እማማ ሳህናቸውን ሊያመጡ ሄዱ። በእጃቸው ቂንጬ ይዘዋል፤ በሌላ ዕቃ። ያችኛዋን ሳህን ይዘው መጡ፣ የቂንጬውን ዕቃ ትተው። ልጄ ይህ ነገር መቼ እንደሚያልቅ ጠየቃቸው። «ምኑ?» ብለው መልሰው ጠየቁት።

እሁድ በመመለሻችን ሰንበቴ ቆምን። ገበያው እሁድ ነው የሚቆመው፤ ሊያዩት ለሚፈልግ ቤተሰብ ጉዞውን ለዚህ ቀን ማድረግ ይበጃል። ከደጋው የወረደ ገብስና ባቄላ፣ ከቆላው ማሽላና ማሾ፣ ከብቱ፣ ግመሉ፣ ጨርቁ፣ ቅመሙ ሁሉ በአንድ ሜዳ ይገናኛል። አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ አርጎብኛውና አፋርኛው በአንድ ሚዛን ላይ ይከራከራሉ። ሁለት ኪሎ ማሾ ገዛሁ። የሸጡልኝ ሴት «ለዘር ነው ለመብል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ለመብል አልኩ። እፍኝ ጨመሩልኝ።

በዚህ መስመር ለመሄድ ለምታስቡ፦ ሁለቱን አየር የሚችል ልብስ ያዙ፣ ከጣርማ በር በላይ ወፍራም፣ ከሸዋ ሮቢት በታች ስስ። ቆላው ወባ አለበት፤ በተለይ ልጆች ካሏችሁ አጎበር አትርሱ። ቁልቁለቱን በጭጋግና በማታ አትውረዱ። ከመነሳታችሁ በፊትም የመንገዱን ሰላም እዚያው ካለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። አገልግል ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ማን አብሯችሁ እንደሚበላ አስቡ፤ በዚህ መንገድ ላይ ብቻውን የሚበላ ሰው ያስተዛዝባል።

አራተኛ ፎቅ

በተመለስን በሦስተኛው ቀን ማሾውን ሠራሁ። እማማ እንዳሳዩኝ አድርጌ፣ ሽንኩርቱን በደንብ አቁላልቼ። የሚጣል ዕቃ አውጥቼ ነበር፤ መለስኩት። ለሠርጌ የተሰጠኝን ሰርቪስ ከቁም ሳጥን አወረድኩ፤ ለእንግዳ ብዬ ስድስት ዓመት ያላወጣሁትን ሰማያዊ ጠርዝ ያለውን ጎድጓዳ ሳህን። ቴሌግራም ላይ ምንም አልጻፍኩም። ወጣሁና አንኳኳሁ።

በሩን ስትከፍት ዐይኗ መጀመሪያ ወደ እጄ፣ ከዚያ ወደ ፊቴ ሄደ። ተቀብላኝ «እግዜር ይስጥልኝ» ልትል እጇን ዘረጋች። «አልበላሁም፤ አብረን እንብላ ብዬ ነው» አልኳት። ለመግባት ፈቃድ ስጠይቅ እንደ ሻጭ ተሰማኝ። ገባሁ።

ቤቱ ንጹሕ ነበር፤ በጣም ንጹሕ። ልጆቹ ከጓዳ አንገታቸውን ብቅ አድርገው አዩኝና ተመለሱ። እንጀራ ላምጣ ስትል አብሬያት ወጥ ቤት ገባሁ። ሦስት ወር ሙሉ የእርሷን ማጀት አላየሁም ነበር። ምድጃው ላይ የሕፃናት ፓስታ ብቻ አለ። ተቀመጥን። «ብዪ» አላልኳት። ቆረስኩና በላሁ። ማሾው ትንሽ ጨው በዝቶበታል። ዝምታው ከበደኝ፤ ስለ አየሩ ወሬ ልጀምር ስል ምላሴን ያዝኩ።

ከቆይታ በኋላ ቆረሰች። ሁለት ጊዜ ጎረሰች። ከዚያ ሳላስበው፣ «እሱ ምግብ ከቤት ሰው ውጪ ሲመጣ ሳህኑን አጥቦ የሚመልሰው ራሱ ነበር» አለች። «ደረጃ ላይ ወሬ ይወዳል። አንድ ሳህን ለመመለስ አንድ ሰዓት ይቆያል። ያን ሰሞን የሚመለስ ዕቃ እንኳ አልነበረም።»

ይቅርታ ልጠይቃት አሰብኩ። ለምን እንደሆነ በትክክል ማስረዳት አልቻልኩም፤ ስለዚህ ሌላ ቆረስኩ። ትንሹ ልጅ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠና «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ማሾ አልኩት። ከማጀቴ ነው የመጣው ስለው «ከየትኛው ማጀት?» አለ፤ እናቱ ፈገግ አለች።

ስነሳ ሳህኑን ልታጥብ ብድግ አለች። «ተይው፣ ነገ እወስደዋለሁ» አልኳት።

ነገ ያልኩት አራት ቀን ሆነ፤ የሥራ ነገር ነው። ስሄድ ሳህኑ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ ሁለት ሲኒ ተደርድሯል። የዚያን ዕለት ሽሮ ይዤ ነበር፤ በሌላ ዕቃ።